ለእንቁራሪት የተጻፈ ዘፈን

እ.ኤ.አ. በ1989 ዋሽንግተን ውስጥ የፓርኪንግ የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ስወጣ ልብሴም ፀጉሬም የመኪና ጭስ ይሸታል። ወንዙን ተሻግሬ አርሊንግተን ቤታችን ስደርስ ባለቤቴ ካፖርቷን ለብሳ በር ላይ ትጠብቀኛለች። የሦስት ዓመት ልጃችንን ትሰጠኝና ወደ ሥራዋ ትሮጣለች። በዚያ ዘመን ባልና ሚስት የምንተያየው እዚያች በር ላይ ነበር ማለት እችላለሁ።

ልጄ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብላ እናቷ የሠራችላትን ጨጨብሳ በጣቷ እያነሳች ትበላለች። ፊት ለፊቷ ጎረቤት የሰጠን ቴሌቪዥን አለ። አንቴናው ስለተሰበረ በልብስ መስቀያ ሽቦ ተክቼዋለሁ፤ አጥርቶ የሚያሳየውም ቻናል 26ን ብቻ ነበር። እኔ ሶፋው ላይ ጋደም እላለሁ፣ እሷ ሰሳሚ ስትሪትን ታያለች።

አንድ ቀን ዓይኔ ሊከደን ሲል አንድ ዘፈን አነቃኝ። አረንጓዴ የጨርቅ እንቁራሪት ብቻውን ተቀምጦ ይዘፍናል። በእኛ አገር እንቁራሪት ሴት ናት፤ ይኼኛው ግን ወንድ ነው፣ ድምፁም ሲለፋ ውሎ የገባ ሰው ድምፅ ነው። የእኔ እንግሊዝኛ ያን ጊዜ ቁልፍ ከመቀበልና ሒሳብ ከመንገር አያልፍም ነበርና ልጄን ጠየቅኋት።

«ምን ሆኖ ነው?»

«ቀለሙን አልወደደውም።»

ሁለታችንም ዝም ብለን አዳመጥን። ወደ ማለቂያው ሲደርስ ድምፁ ቀና ያለ መሰለኝ።

«አሁንስ?»

«አሁን ወደደው፣ አባዬ።»

እንቅልፌ ጠፋ። ዘፈኑ አምሮኝ ብቻ አልነበረም። ይህ የልጆች ትምህርት ነው፤ አንድ ሰው «ለእንቁራሪቱ ዘፈን ጻፍ» ተብሎ በትዕዛዝ የጻፈው መሆን አለበት። እኔ ደግሞ በትዕዛዝ የተጻፈ ዘፈን ምን እንደሆነ አውቅ ነበር፣ ወይም የማውቅ ይመስለኝ ነበር።

በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር የቀበሌያችን ኪነት ቡድን አኮርዲዮን ተጫዋች ነበርኩ። (አዲስ አበባ የሆነውን በእኛ፣ አሜሪካ የሆነውን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) አኮርዲዮኑ የቀበሌው ንብረት ነው፤ ቀይ፣ ወናፉ በፕላስተር የተጠጋገነ፣ አንድ ቁልፉ ከተጫኑት በኋላ ተመልሶ የማይነሳ። እየተጫወትኩ በጥፍሬ አነሳው ነበር። ሰፈራችን ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነው። ማታ ማታ የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ እናቶችና አባቶች አግዳሚ ላይ ተደርድረው ፊደል ይቆጥራሉ፤ በአገሩ ሁሉ፣ ዘመቻው እየሰፋ ሲሄድ፣ በ15 ቋንቋዎች እንዲሁ ይቆጠር ነበር።

ከእነሱ መካከል ጠላ የሚሸጡ አንድ እናት ነበሩ። እማማ ነው የምንላቸው። አንድ ቀን የቀበሌው ሱቅ ስኳር ሲከፋፈል መዝገቡ ላይ ጣታቸውን እንዲያሳርፉ የቀለም ንጣፉ ቀረበላቸው። በእጃቸው ጀርባ ገፋ አደረጉትና እስክሪብቶ ጠየቁ። ከኋላቸው ያለው ሰልፍ ያጉረመርማል። እሳቸው ግን ወረቀቱ ላይ አጎንብሰው፣ ምላሳቸውን በጥርሳቸው ያዝ አድርገው፣ ሦስቱን የስማቸውን ፊደሎች አንድ በአንድ አስቀመጡ። ሲጨርሱ ግንባራቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ስኳሩን ሳይቀበሉ ሊሄዱ ሲሉ ነው ከኋላ የጠራናቸው።

በዚያው ሰሞን ለዘመቻው ዘፈን ጻፍ ተባልኩ፤ እስከ ማክሰኞ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልጨነቅ ጻፍኩ፤ ስለ እማማና ስለ ሦስቱ ፊደሎች። ኃላፊው አነበበውና በቀይ ሰረዘው። ግለሰብ አይዘፈንም፣ ሰፊው ሕዝብ በል አለኝ። እኔም እማማን አውጥቼ ሰፊውን ሕዝብ አስገባሁ። በዓሉ ቀን ተዘፈነ፣ ተጨበጨበ፣ ከዚያ በኋላ አንድም ሰው አላስታወሰው። እማማ ግን የመጀመሪያውን ዘፈን ሰምተው ስለነበር ከአዳራሹ ስንወጣ ክንዴን ያዝ አድርገው «ልጄ፣ ያ የእኔ ዘፈን የት ደረሰ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። እስከ ዛሬም ያ እጃቸው ክንዴ ላይ ያለ ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ሌላ ብዙ ዘፈን ጻፍኩ፤ ለአብዮት በዓል፣ ለአረንጓዴ ዘመቻ፣ ለእንግዳ መቀበያ። በትዕዛዝ የሚጻፍ ዘፈን ሙት ሆኖ ይወለዳል የሚለውን እምነቴን ይዤ በሱዳን በኩል ወጣሁ። አኮርዲዮኑን አዳራሹ ውስጥ ትቼው ነው የሄድኩት።

እንግዲህ ያ እንቁራሪት ይህን እምነቴን ነው ያናጋብኝ።

ሰሳሚ ስትሪትን ከዚያ ቀን ወዲህ የማየው ለልጄ ብዬ አልነበረም። እንግሊዝኛ ያነበብኩት በእሱ ነው፤ አባትና ልጅ እኩል «ኤ» ብለን ጀመርን። የፕሮግራሙ አሠራር ከየኔታ ጓሮ አልራቀብኝም። እኔም ፊደል የቆጠርኩት የቄስ ትምህርት ቤት ነው፤ ሀ ሁ ሂን በዜማ፣ ሰውነታችንን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየወዘወዝን። ፊደሉ ከዓይን በፊት ጉሮሮ ውስጥ ይገባል። ዜማው ካለ ፊደሉ ቢጠፋ እንኳን ተመልሶ ይመጣል።

ፕሮግራሙ ሲያልቅ ስሞች ከታች ወደ ላይ ይወጣሉ። አንድ ቀን ልጄን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ሙዚቃ የሚለው ቃል አጠገብ ያለውን ስም ፊደል በፊደል ለቀምኩት። ጆ ራፖሶ። እሷ «ጄ» አለች፣ እኔ «አር» አልኩ። ከዚያ ስሙ ወደ ላይ ሄደ።

በ1990 ሚያዝያ ላይ በዚያው ጣቢያ ስለ እሱ ልዩ ዝግጅት ታየ። የመታሰቢያ ዝግጅት ነበር። ራፖሶ የካቲት 5፣ 1989 ዓርፎ ነበር፤ 52ኛ ዓመቱን ሊይዝ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ የሊምፍ ዕጢ ካንሰር ገድሎት። ማን እንደሆነ ባወቅኩበት ምሽት መሞቱን ሰማሁ። ስሙን ከልጄ ጋር የለቀምኩት ከሞተ በኋላ ነበር ማለት ነው። ዘመዴ የሞተ ያህል አዘንኩ።

ከዚያ በኋላ በየመጻሕፍት ቤቱ ስለ እሱ የተጻፈ ስፈልግ ከርሜ ሕይወቱን አንድ በአንድ ሰበሰብኩ። የተወለደው በ1937 ማሳቹሴትስ፣ ፎል ሪቨር በምትባል የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከተማ ነው። ወላጆቹ ከፖርቱጋል ምድር የመጡ ስደተኞች ናቸው፤ አባቱ የሙዚቃ አስተማሪ ነበር። ሃርቫርድ ተምሮ በ1958 ተመረቀ። ቀጥሎ ፓሪስ ሄዶ ናዲያ ቡላንዤ እግር ሥር ተቀመጠ። ቡላንዤ ማለት ለሙዚቃ እንደ ትልቅ የቅኔ መምህር ናት፤ አሮን ኮፕላንድን፣ አስቶር ፒያዞላን፣ ክዊንሲ ጆንስን ያስተማረች፣ አንዲት ድምፅ ያለ ቦታዋ ከገባች የማትምር ሴት። ከእሷ ቤት የወጣ ሰው ሲምፎኒ ይጽፋል ተብሎ ይጠበቃል። እሱ ኒው ዮርክ ገብቶ የትያትር ሙዚቃ መራ፤ በ1967 በቻርሊ ብራውን ሥዕሎች ላይ የተሠራው ሙዚቃዊ ትያትር ላይ ሠራ፤ በ1969 ኅዳር ወር ደግሞ ለሦስትና ለአራት ዓመት ሕፃናት ስለ ፊደል መዝፈን ጀመረ።

የሥራውን ብዛት አስቡት። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ 130 ዝግጅት፣ እያንዳንዱ አንድ ሰዓት። ፊደል አለ፣ ቁጥር አለ፣ መጋራት አለ፣ መፍራት አለ፤ ሁሉም ዘፈን ይፈልጋል፣ ሁሉም ለነገ ይፈለጋል። ብቻውን አልሠራውም፤ ስለ ፕላስቲክ ዳክዬዋ የተዘፈነው ለምሳሌ የጄፍ ሞስ ነው። ነገር ግን የመግቢያው ዜማ፣ ብስኩት የሚበላው ሰማያዊ ፍጡር ስለ «ሲ» ፊደል የሚዘፍነው፣ በ1973 ካርፔንተርስ ዘፍነውት ቢልቦርድ ላይ ሦስተኛ የደረሰው «ሲንግ» የራፖሶ ናቸው።

የእንቁራሪቱም። የፕሮግራሙ ጸሐፊና አዘጋጅ ጆን ስቶን ለእንቁራሪቱ ለከርሚት ዘፈን ያስፈልጋል ብሎት ነው የጻፈው። ልክ እንደ እኔ ማክሰኞ ማለት ነው። ዓመቱ 1970 ነው። ስለ ቀለም የሚናገር ዘፈን በዚያ ዘመን አሜሪካ ስለ እንቁራሪት ብቻ ሊሆን አይችልም። ሬይ ቻርልስ ኋላ ሲዘፍነው የማንን ቀለም እንደሚናገር መጠየቅ አያስፈልግም። እኔም በፓርኪንጉ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጬ፣ ደንበኛው ፊቴን ሳያይ ቁልፉን ወርውሮልኝ ሲሄድ፣ ያንን ዜማ በአፍንጫዬ አዜመው ነበር። ራፖሶ የታዘዘውን ፈጽሟል። ሕፃኑ ራሱን መቀበል ይማራል፤ ትምህርቱ ይኸው ነው። ግን ማንንም ከዘፈኑ አላወጣም። አንድ እንቁራሪት፣ አንድ ቀለም፣ አንድ ማታ። ሰፊው ሕዝብ የሚባል ነገር የለበትም። ስለዚህም ይመስለኛል ሁሉም ሰው የገባበት።

መታሰቢያው በታየበት ዓመት ክረምት ከአንድ መያዣ ቤት ያገለገለ አኮርዲዮን በ90 ዶላር ገዛሁ። ባለቤቴ የኪራዩን ቀን አስታውሳ ዝም አለች፤ ዝምታዋን ዛሬም አመሰግናለሁ። ያንን የእንቁራሪት ዘፈን እጫወተዋለሁ ብዬ ተቀመጥኩ። የልጆች ዘፈን ነው፣ ቀላል ነው ብዬ ነበር። ዜማው በቀኝ እጄ ቶሎ ገባ። ግራ እጄ ግን መሄጃ አጣ። አኮርዲዮን በግራ በኩል ያሉት ቁልፎች ድምፆችን አስቀድመው አጣምረው ነው የሚሰጡት፤ አንዱን ስትጫን የተዘጋጀ ኮርድ ይወጣል። ራፖሶ ከዜማው ሥር ያስቀመጣቸው ኮርዶች ከእነዚያ ቁልፎች ውስጥ አልነበሩም። እኔ ደግሞ ያደግኩት በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺሆዬ ነው፤ ጆሮዬ አንድ መስመር ተከትሎ መሄድ እንጂ ከሥሩ የሚቀያየር መሬት አልለመደም። ሳምንት ሙሉ ታገልኩ። ያን ጊዜ ነው የቡላንዤ ቤት ትምህርት የት እንደገባ የታየኝ። ከላይ ሕፃን የሚይዘው ዜማ አለ፣ ከሥር የሃምሳ ዓመት ሰው የማይጨርሰው ነገር። ሕፃን ነው ብሎ አላቀለለበትም።

እዚህ ላይ አባባ ተስፋዬን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲጀምር እኔ ልጅ ነበርኩ። ቴሌቪዥን ያለበት ጎረቤት ደጃፍ ላይ ጫማችንን አውልቀን ገብተን እግር በእግር ተደራርበን እንቀመጥና የልጆችን ጊዜ እንጠብቃለን። ተስፋዬ ሣህሉ ተረት ይነግሩናል፣ ሙዚቃ ይጫወታሉ፣ ምትሃት ያሳዩናል። ያን ጊዜ የማናውቀው ነገር ብዙ ነበር፤ ሴት መድረክ ላይ በማትወጣበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ ሆነው የተጫወቱ፣ ከቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ጋር ኮሪያ ድረስ ሄደው ያዝናኑ ሰው መሆናቸውን። ይህን ሁሉ ያየ ሰው 40 ዓመት ግድም ለልጆች ተቀመጠ። በ2009 ዓ.ም. ማረፋቸውን ስሰማ ታክሲ እነዳ ነበር፤ ዳር አቁሜ አለቀስኩ። ራፖሶን በደንብ የተረዳሁት እሳቸውን ስላወቅኩ ነው።

የራፖሶ መንገድ ግን በልጆች ቤት አላበቃም። ከሰሳሚ ስትሪት ጎን ለጎን ማንበብ ለሚማሩ ልጆች በተሠራው «ኤሌክትሪክ ካምፓኒ» በተባለው ፕሮግራም የሙዚቃ ኃላፊ ነበር። ለዶክተር ሱስ ካርቱኖች ጻፈ። አንድ ወንድና ሁለት ሴቶች አንድ አፓርታማ ስለሚጋሩበት ስለ ስሪስ ካምፓኒ የሰማችሁ ትኖራላችሁ፤ በ1977 የወጣው የመግቢያ ዜማው የእሱ ነው። በ1981 የሙፔቶቹ፣ የእነ ከርሚት፣ ፊልም ላይ ባለ አንድ ዘፈን ለኦስካር ታጨ፣ አላገኘም። በ1986 ደግሞ ራጌዲ አን በምትባለው የጨርቅ አሻንጉሊት ላይ የሠራው ሙዚቃዊ ትያትር ሞስኮ ድረስ ሄዶ ታየ፤ ብሮድዌይ ሲደርስ ግን ከአምስት ትርዒት በኋላ ተዘጋ። አምስት። ሥራው ተሰርዞበት የሚያውቅ ሰው ይቺን ቁጥር ሲያነብ ሆዱ ይንቦጫቦጫል።

ከሁሉ በላይ ግን የሲናትራ ነገር ነው የሚገርመኝ። ፍራንክ ሲናትራ በ1971 መዝፈን አቆምኩ ብሎ ነበር። በ1973 ሲመለስ ያወጣው አልበም ላይ አራቱ ዘፈኖች የራፖሶ ናቸው። ለብስኩት በላተኛው የጻፈው እጅና ለሲናትራ የጻፈው እጅ አንድ ነው። ከአራቱ አንዱ ድሮ ኳስ ሜዳ ስለነበረበት ቦታ ነው፤ ሜዳው የለም፣ ሕዝቡ የለም፣ ዘፋኙ ግን ቆሞ እዚህ ነበር ይላል። መጀመሪያ የሰማሁት ታክሲ መንዳት ከጀመርኩ በኋላ፣ ከኤርፖርት ስመለስ፣ ሬዲዮ ላይ ነው። ቤዝቦል ምን እንደሆነ አሁንም በቅጡ አላውቅም፤ ዘፈኑ ግን አልከበደኝም። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ አንድ የሰፈር ልጅ በስልኩ ቪዲዮ ላከልኝ። አዳራሹ የነበረበትን ቦታ ልለይ ሞከርኩ፣ አልቻልኩም። የእማማ ጠላ ቤትም፣ መዝገቡ ላይ የጻፉበት ሱቅም አቧራ ሆነዋል። ቪዲዮውን ድምፁን አጥፍቼ ሦስት ጊዜ አየሁት፤ በውስጤ ሲሰማኝ የነበረው ያ የኳስ ሜዳው ዘፈን ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ለከርሚት ድምፅ የሰጠው ጂም ሄንሰን የራፖሶ መታሰቢያ በታየ በወሩ፣ ግንቦት 16፣ 1990፣ በ53 ዓመቱ ድንገት ሞተ። ኒው ዮርክ ትልቁ ካቴድራል ውስጥ በተደረገው የመታሰቢያ ሥርዓት ላይ ትልቁ ቢጫ ወፍ፣ ቢግ በርድ፣ ብቻውን ወጥቶ የእንቁራሪቱን ዘፈን ዘፈነ። ላባውን ለብሶ የቆመው ካሮል ስፒኒ ነው። ጻፍ ተብሎ የጻፈው የለም፣ ሲዘፍነው የኖረው የለም፣ ዘፈኑ ግን በሌላ ጉሮሮ ወጣ። ከዚያ የበለጠ ለቅሶ በእንግሊዝኛ ሰምቼ አላውቅም። ልጄ ያን ጊዜ አራት ዓመቷ ነው፤ በቴሌቪዥን ሲያሳዩ አብራኝ አይታ፣ «ወፉ ለምን የእንቁራሪቱን ዘፈን ወሰደበት?» አለችኝ። አደራ ሰጥቶት ነው አልኳት።

ያቺ ልጅ ዛሬ የራሷ ልጅ አላት። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ልጆች አማርኛ ይማራሉ፤ እኔ በአኮርዲዮን አግዛለሁ። እዚህ የተወለዱ ልጆች ጠ፣ ጨ፣ ቀና ጰ ያስቸግሯቸዋል። አስተማሪዋ ባለፈው ወር ለጨ ዘፈን ሥሩልን አለችኝ፤ እስከ ቅዳሜ።

ትዕዛዝ ሲመጣ ሆዴ እንደ ድሮው ፈራ። ከዚያ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ጨጨብሳ የምትበላው ልጅ ትዝ አለችኝ። ቃሉ ሁለት ጊዜ ጨ አለበት፤ ከዚህ የተሻለ ስጦታ ከየት ይመጣል? ጨጨብሳውን አስገባሁ፣ ጨረቃን አስገባሁ፣ መጨረሻ ላይ እስክሪብቶ የጨበጡ እናት አስገባሁ፤ ነጠላቸው ግንባራቸውን ሲጠርግ። ልጆቹ እናትየዋ ማን እንደሆኑ አልጠየቁም። የልጅ ልጄ ብቻ «ስማቸው ማነው?» አለችኝ፤ በጆሮዋ ነገርኳት፤ በጣቷ አየር ላይ ሦስቱን ፊደሎች ጻፈች፣ ሁለተኛውን ገልብጣ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ተራው የጰ ነው። ጳጉሜ አለኝ፣ ጳጳስ አለኝ፣ ኢትዮጵያም አለችኝ። ሌላ ቃል ጠፍቶኝ ማታ አኮርዲዮኑን ታቅፌ ተቀምጬ ሳለ ባለቤቴ ከማድ ቤት ብቅ አለች።

«ጠረጴዛስ?» አለችኝ፣ በማንኪያው ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርጋው።